«ያ» እና «ሆይ»፦ የጥሪ ሰዋስው ታሪክ ከበስራ እስከ ምዕራብ ዓባያ



ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ የዓባያ ሐይቅን ምዕራባዊ ዳርቻ ተከትሎ ሲወርድ፣ በሙዝና በማንጎ ማሳዎች መካከል የምዕራብ ዓባያ ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ወደ ብርብር ያደርሳል። በዚህ አካባቢ ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት ናቸው። በመስጊዱ ሶፍ ውስጥ ግን ብዙ ቋንቋ ይሰማል፤ ጋሞኛ የሚናገረው ገበሬ፣ ወላይትኛ የሚናገረው ጎረቤቱ፣ ለንግድ ከስልጤና ከሌላም አገር የመጣው ነጋዴ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ። ሲጨባበጡ የሚግባቡበት ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ አማርኛ ነው።

በዚያ አካባቢ ባለ አንድ መስጊድ ከዐስር ሶላት በኋላ በሚሰጥ የነሕው ትምህርት ላይ ለመቀመጥ ዕድል ገጥሞን ነበር። ደረሶቹ የአጁሩሚያን ኪታብ ይቀሩ ነበር፤ የዕለቱ ባብ የሙናዳ፣ ማለትም የተጠሪው ነበር። አንድ ታዳጊ እጁን አውጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ በአማርኛ ሰው ስንጠራ ስሙ አይለወጥም። በዐረብኛ ለምን አንዱ ደማ፣ አንዱ ፈትሓ ይሆናል?» ሲል ጠየቀ። ኡስታዙ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ዐይነ ስውሩን አስብ» አሉት። «ዐይነ ስውሩ በገበያ መካከል ቆሞ እጁን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ከፊቱ ማን እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህ ‹ያ ረጁለን› ይላል፣ ማንም ይሁን ማን። የሚያየው ሰው ግን ከብዙዎቹ መካከል አንዱን ለይቶ፣ ፊቱን ወደርሱ አዙሮ ‹ያ ረጁሉ› ይላል። ሁለቱም ‹አንተ ሰውዬ› ማለታቸው ነው፤ አንደኛው ግን የሚጠራውን ያውቃል።»

ምሳሌው አዲስ አይደለም፤ የነሕው ሊቃውንት ለዘመናት ሲያስተምሩበት የኖሩት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቦታ፣ ብዙ ቋንቋ በሚናገሩ ልጆች ፊት ሲነገር፣ ከሰዋስው በላይ የሆነ ጥያቄ አስነሣብን። እኛ መምህራንና ኢማሞች በየሳምንቱ ከሚንበር ላይ ሰዎችን እንጠራለን። የምንጠራው እንደሚያየው ሰው ነው ወይስ እንደ ዐይነ ስውሩ? የኒዳእ ባብ በነሕው ኪታቦች ውስጥ አጭር ነው፤ ብዙ ደረሳም ቶሎ አልፎት ይሄዳል። ታሪኩ ግን «ማን ተጠራ? ጥሪውስ ደረሰው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ ከበስራ ተነሥቶ ወደ አገራችን፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ ዓባያ እየተከተለ ይመረምራል።

አምስቱ ተጠሪዎች

አጁሩሚያ በ723 ሒ. (1323 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የሞሮኮው ሊቅ የኢብን ኣጁሩም ሥራ ነው። ኪታቡ ሙናዳን በአምስት ይከፍላል። የመጀመሪያው ነጠላ የተጸውዖ ስም ነው፤ «ያ ዘይዱ» እንደሚባለው። ሁለተኛው ስሙ ያልታወቀ፣ ነገር ግን ጠሪው ለይቶ ያሰበው ሰው ነው፤ «ያ ረጁሉ»። ሦስተኛው ተለይቶ ያልታሰበ ማንኛውም ሰው ነው፤ «ያ ረጁለን»። አራተኛው በዘርፍ የተያያዘ ስም ነው፤ «ያ ዐብደላህ»። አምስተኛው ዘርፍ ባይሆንም እንደ ዘርፍ ማሟያ የሚፈልግ ስም ነው፤ «ያ ጧሊዐን ጀበለን»፣ ተራራ የምትወጣ አንተ፣ እንደሚባለው። ከዓባያ ዳርቻ ወደ ጨንቻ ደጋ በእግራቸው የሚወጡ ልጆች ይህን የመጨረሻ ምሳሌ ለመረዳት ብዙ አይቸገሩም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በደማ ይጸናሉ፤ የቀሩት ሦስቱ በነስብ ይነበባሉ። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ልብ ማለት ይገባል። «ረጁል» በራሱ ያልታወቀ ስም ነው። አሊፍና ላም አልገባበትም፤ ወደ ሌላ ስምም አልተጠጋም። የታወቀ ያደረገው የጠሪው ወደርሱ መዞር ብቻ ነው። ስሙን የማናውቀው ሰው እንኳ ፊታችንን ወደርሱ አዙረን ስንጠራው በሰዋስው ሕግ ከታወቁት ወገን ይቆጠራል።

የታዳጊው ጥያቄ፣ ማለትም «ለምን አንዱ ደማ፣ አንዱ ፈትሓ?» የሚለው፣ በሁለተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን በበስራ ተጠይቆ ነበር። ጠያቂው በ180 ሒ. (796 እ.ኤ.አ.) ገደማ ያረፉት የፋርስ ተወላጁ ሲበወይህ ናቸው፤ መልስ ሰጪው ደግሞ መምህራቸው አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ። መልሱ «አል-ኪታብ» በሚባለው የሲበወይህ ሥራ ውስጥ ተመዝግቧል። እንደ ኸሊል አባባል ዐረቦች በዘርፍ የተያያዘውን ሙናዳ በነስብ ያነበቡት ንግግሩ ስለረዘመ ነው፤ «ቀብለከ» እና «ባዕደከ» እንደሚሉት። ነጠላውን በደማ ያነበቡት ደግሞ «ቀብሉ» እና «ባዕዱ» ብቻቸውን ሲቆሙ እንደሚሆኑት ነው። ሊቁ ሕግ ፈጥረው አልደነገጉም። ሕዝቡ እንዴት እንደሚጣራ ሰምተው፣ በቋንቋው ውስጥ ተመሳሳዩን ፈልገው አስረዱ።

በጥሪ ውስጥ የተሰወረ ግስ

በስራውያን ከዚህ አልፈው ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። ነስብ ያለ ነሳቢ አይመጣም፤ «ያ ዐብደላህ» ስንል ፈትሓውን ያመጣው ምንድን ነው? መልሳቸው የተሰወረ ግስ አለ የሚል ነበር፤ «አድዑ» ወይም «ኡናዲ»፣ እጠራለሁ፣ የሚል። «ያ» የዚያ ግስ ምትክ ናት። ነጠላው ሙናዳም በቃሉ በደማ ቢጸና በቦታው ነስብ ነው። ኩፋውያን በዚህ አልተስማሙም፤ ነጠላው ሙናዳ ተንዊን የተነሣው ረፍዕ እንጂ በደማ የጸና አይደለም አሉ። በ577 ሒ. (1181 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ኢብኑል አንባሪ የሁለቱን ከተሞች ክርክር «አል-ኢንሷፍ» በተባለው ኪታባቸው ሰብስበው አቆይተውልናል።

ከሁሉ የከረረው ተቃውሞ የመጣው ግን ከአንደሉስ ነው። በ592 ሒ. (1196 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የቁርጡባው ኢብን መዷእ የሙወሒዶች መንግሥት ታላቅ ቃዲ ነበሩ። በነሕው ሊቃውንት ላይ መልስ በሰጡበት ኪታባቸው የተሰወረውን ግስ ተቃወሙ። ኪታቡ በ1947 እ.ኤ.አ. በካይሮ በሸውቂ ደይፍ አርታኢነት ታትሟል። የክርክራቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው «ዘይድን እጠራለሁ» ቢል ወሬ መንገሩ ነው፤ «ዋሽተሃል» ወይም «እውነትህን ነው» ሊባል ይችላል። «ያ ዘይድ» ቢል ግን ጠራ እንጂ ስለ መጥራቱ አላወራም። ስለዚህ ግሱን ብናወጣው የንግግሩን ባሕርይ እንለውጠዋለን።

ለዚህ ተቃውሞ የሚስማማ መልስ ከአንድ መቶ ዓመት ያህል በኋላ በረዲይ አል-አስተራባዚ፣ «አል-ካፊያ» ለተባለው ኪታብ በሰጡት ማብራሪያ ውስጥ እናገኛለን። ረዲይ የተሰወረው ግስ በኀላፊ ጊዜ ቅርጽ፣ «ደዐውቱ» ወይም «ናደይቱ» ተብሎ ቢታሰብ ይሻላል ይላሉ። ምክንያታቸውም ነገርን የሚነግሩ ሳይሆኑ ነገርን የሚፈጽሙ ግሶች አብዛኛውን ጊዜ በኀላፊ ቅርጽ መምጣታቸው ነው። ፊቅህ የቀራ ሁሉ ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ሻጩ «ቢዕቱ» ሲል ስለ ትናንት ሽያጭ አያወራም፤ በዚያው ቃል እየሸጠ ነው። ወሊዩ «ዘወጅቱከ» ሲል በዚያው ቃል እየዳረ ነው። ቃሉ ከአፍ ከወጣ በኋላ በሻጭና በገዥ፣ በባልና በሚስት ላይ ግዴታ ይወድቃል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን በ1962 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ንግግር ተግባር የሚሆንበትን መንገድ ሲያብራራ ለምዕራቡ ዓለም አዲስ ሐሳብ መስሎ ነበር፤ የኛ ደረሶች ግን በነሕውና በፊቅህ ሐለቃ ሲማሩት ኖረዋል።

እንግዲህ ጥሪ ተግባር ነው። ተግባር ከሆነ ደግሞ እንደ ሽያጩ ሁለት ወገን አለው፤ ጠሪና ተጠሪ። ተጠሪው ሳይሰማ የቀረ ጥሪ ገዥው ሳይሰማው እንደቀረ ሽያጭ ነው፤ ቃሉ ተነግሯል፣ ነገሩ ግን አልተፈጸመም።

«ሰዎች» የተባሉት እነማን ናቸው?

ቀደምቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ምእመናንን የሚጠራውን የአላህን ቃል የሰማ ሰው ጆሮውን እንዲሰጥ መክረዋል፤ ከጥሪው ቀጥሎ ወይ የሚታዘዝበት መልካም ነገር፣ ወይ የሚከለከልበት ክፉ ነገር ይመጣልና። ይህ ጥሪ በቁርኣን ውስጥ 89 ጊዜ ይገኛል። ሱዩጢ (ያረፉት በ911 ሒ./1505 እ.ኤ.አ.) በ«አል-ኢትቃን» ለቁርኣን የአነጋገር ገጾች ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተዋል። በዚያም ኢብኑል ጀውዚ 15 ዐይነት እንደቆጠሩ፣ ሌሎች ደግሞ ከ30 በላይ እንዳደረሱት ይገልጻሉ። ማን እንደተጠራ ማወቅ ለነርሱ ሕግን የማወቅ በር ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው የእናታችን የኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። አንድ ቀን ፀጉራቸውን እየተበጠሩ ሳለ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ከሚንበር ላይ ሰዎችን ሲጠሩ ሰሙ። ኡሙ ሰለማ አበጣሪዋን ገለል በይ አሏት። እርሷም የተጠሩት ወንዶች እንጂ ሴቶች እንዳልሆኑ ነገረቻቸው። እርሳቸው ግን ራሳቸውም ከሰዎች አንዷ መሆናቸውን ተናግረው ለመስማት ተነሡ።

አበጣሪዋ ጥሪውን በልማድ ለካችው፤ ኡሙ ሰለማ ግን በቃሉ ለኩት። «ናስ» የሚለው ቃል ሴቶችን ካላስወጣ እርሳቸውም ራሳቸውን የሚያስወጡበት ምክንያት አልነበረም። ሐዲሡ ለኢማሞች ያለው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጥሪው ለሁሉም ቢሆንም እንኳ «እኔን አይደለም» ብሎ የሚቀር ሰው ይኖራል። የጠሪው ኀላፊነት ቃሉን መናገር ብቻ ሳይሆን፣ ተጠሪው መጠራቱን እንዲያውቅ ማድረግም ነው።

ቁርኣንም ለአጠራር ሥርዓት ሠርቷል። ነቢያት ኣደም፣ ኑሕ፣ ኢብራሂም፣ ሙሳ (ዐ.ሰ.) በስማቸው ሲጠሩ፣ ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) ግን በማዕረጋቸው ወይም በሁኔታቸው እንጂ «ያ ሙሐመድ» ተብለው አንድም ጊዜ አልተጠሩም። ሱረቱል ሑጁራት ከክፍሎቻቸው በስተጀርባ ሆነው የሚጣሯቸውን ሰዎች ወቅሶ (አንቀጽ 4)፣ እዚያው ሱራ ውስጥ ምእመናን እርስ በርሳቸው በክፉ ቅጽል ስም እንዳይጠራሩ ይከለክላል (አንቀጽ 11)። የነቢዩ አጠራርና የተራው ሰው አጠራር በአንድ ሱራ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸው በአጋጣሚ አይመስለንም።

«ያ» ወደ አማርኛ ስትገባ

ይህ ዕውቀት ወደ አገራችን የገባው በመስጊድና በዛዊያ ሐለቃ ነው። በተለይ ወሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእስልምና ትምህርት ትልቅ ማዕከል እንደነበረ የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናታቸው አሳይተዋል። ጀማ ንጉሥና ዳና ከነዚያ ማዕከላት ስማቸው የገነነ ናቸው። ደረሳው ከቁርኣን ወደ ፊቅህ፣ ከፊቅህ ወደ ነሕው እየተሻገረ ከሸኽ ወደ ሸኽ ይዞር ነበር። ሸኹ ዐረብኛውን ቃል በቃል እያነሡ በአካባቢው ቋንቋ ይፈቱለታል። «ያ» ላይ ሲደርሱም ለርሷ አማርኛ ማግኘት ነበረባቸው።

አማርኛ እዚህ ላይ ድሃ አይደለም፤ ሀብቱ ግን በሌላ ቦታ ነው። ግእዝ «ኦ»ን ከስም በፊት ያስቀድማል፤ በአንዳንድ ስም ላይ ደግሞ መጨረሻውን ይለውጣል፤ «እግዚኦ»፣ «ብእሲቶ» እንደሚለው። አማርኛ ይህን ትቶ «ሆይ»ን ከስም በኋላ አመጣ። ሆኖም «ሆይ» የመጽሐፍ፣ የአዋጅና የጸሎት ቃል ነው። በገበያና በቤት ማንም ጎረቤቱን በ«ሆይ» አይጠራም። ሰው የሚጠራራው በስም፣ በ«አንተ» እና በ«አንቺ»፣ በ«ጋሼ» እና በ«እትዬ»፣ በ«እማዬ» እና በ«አባዬ» ነው። ወሎዬ ሸኹን «አንቱ» ሲል ክብሩ ሁሉ በዚያች ቃል ውስጥ አለ። ዐረብኛ በስሙ መጨረሻ አናባቢ የሚለየውን ነገር አማርኛ በተውላጠ ስሙ፣ በዝምድናው ቃልና በግሱ መጨረሻ ይለየዋል።

በ1961 ዓ.ም. በሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና በሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ የተዘጋጀው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ይህን ችግር በጽሑፍ መፍታት ነበረበት። ሊቃውንቱ ለጥሪ «ሆይ»ን መረጡ። ለብዙ ሰዎች ጥሪ ሲሆን «እናንተ»ን ከፊት፣ «ሆይ»ን ከኋላ አድርገው ተጠሪዎቹን በሁለቱ መካከል አቀፏቸው። ይህ አሠራር በአገራችን ሙስሊም ጆሮ ውስጥ ሠርጾ የቁርኣን አማርኛ ድምፅ ሆኗል። አንድ በረከትም አለው፤ የአማርኛው «እናንተ» ወንድና ሴትን አይለይም። ዐረብኛው በወንድ ብዙ ቁጥር ቅርጽ ሁለቱንም ሲያጠቃልል አስረጂ ያስፈልገዋል፤ አማርኛው ግን ያለ አስረጂ ሁለቱንም ይጠራል። እንደዚህ የተጠራች ሴት የኡሙ ሰለማን መልስ ለመስጠት የሚያስገድዳት ነገር የለም፤ ኢማሙ ራሱ ጥሪውን «ወንድሞቼ» ብሎ ካላጠበበው።

ከ«ሆይ» ጋር የመጣ አንድ ከባድ ጥያቄ ግን አለ። በቁርኣን ውስጥ ባሪያው ጌታውን ሲጠራ «ረቢ»፣ «ረበና» ይላል፤ «ያ» የለችም። «ያ» ከ«ረብ» ጋር የመጣችው በ2 ቦታዎች ብቻ ነው፤ በሱረቱል ፉርቃን 30 እና በሱረቱ ዙኽሩፍ 88። ሁለቱም ነቢዩ ስለ ሕዝባቸው እምቢተኝነት ያቀረቡት አቤቱታ ነው። በ790 ሒ. (1388 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የገርናጣው ሻጢቢ በ«አል-ሙዋፈቃት» ይህን ከአደብ ትምህርት ጋር አያይዘውታል። «ያ» በመሠረቷ የሩቅ መጥሪያ ናት፤ አላህ ባሪያዎቹን ሲጠራ ትገባለች፣ ባሪያዎቹ አላህን ሲጠሩ ትቀራለች፤ እርሱ ለሚለምነው ቅርብ ነውና።

በአማርኛው ግን «ረበና» የሚለው ሁሉ «ጌታችን ሆይ» ሆነ። ታዲያ ተርጓሚዎቹ ተሳሳቱ? አይመስለንም። በዐረብኛ «ረበና» የሚለው ቃል ባ ላይ ያለችው ፈትሓ መጠራቱን ታሳያለች፤ ባለቤት ቢሆን ኖሮ «ረቡና» ይባል ነበር። አማርኛ ያ ፈትሓ የለውም። በጽሑፍ «ጌታችን» ብቻ ቢባል አንባቢው ስለ ጌታችን ሊነገረው ነው ወይስ ጌታችን ሊጠራ ነው ብሎ ይወላውላል። ስለዚህ በዚህ ቦታ «ሆይ» የ«ያ» ትርጉም ሳትሆን የፈትሓዋ ትርጉም ናት። ሊቃውንቱ የሠሩት የነሕው ሥራ ነው። ዋጋው ግን ቅርበቱ መደብዘዙ ነው፤ ይህን የሚመልሰው መምህሩ ነው። በቃል ስናስተምርና ዱዓእ ስናደርግ ድምፃችንና «አንተ» የሚለው ግስ ለጥሪው በቂ ምልክት ስለሆኑ፣ «ጌታዬ» ብለን ልንተው እንችላለን። ለአላህ «አንተ» ማለታችንም ከድፍረት አይደለም። አማርኛ በአክብሮት ጊዜ ግሱን በብዙ ቁጥር ቅርጽ ያደርገዋል፤ ለአንዱ ጌታ ነጠላው «አንተ» ከአንድነቱም ከቅርበቱም ጋር ይስማማል።

የአባትና የልጅ ጥሪ

ተመሳሳይ ነገር በ«ያ ቡነየ» ላይ ይታያል። ይህ ጥሪ በቁርኣን ውስጥ 6 ጊዜ ይገኛል፤ ከኑሕ፣ ከያዕቁብ፣ ከኢብራሂም አንድ አንድ ጊዜ፣ ከሉቅማን ሦስት ጊዜ። «ቡነይ» የ«ኢብን» ማሳነሻ ነው፤ ማሳነሱ ግን ለንቀት ሳይሆን ለርኅራኄ ነው። በማዕበሉ መካከል ኑሕ የጠሩት ልጃቸው ከሓዲ ነበር፤ ሆኖም የጠሩት በዚሁ በለሰለሰ ቃል ነው። በጽሑፍ «ልጄ ሆይ» ይባላል። በትምህርት ሰዓት ግን መምህሩ፣ «አባትህ ሲመክርህ እንዴት ነው የሚጠራህ?» ብሎ ልጁን ቢጠይቀው፣ «ልጄ»፣ «የኔ ልጅ»፣ አልፎም ወላጆቻችን በፍቅር እንደሚሉት «አባቴ» የሚል መልስ ያገኛል። ያን ጊዜ ልጁ የሉቅማንን ምክር ከሩቅ እንደመጣ አዋጅ ሳይሆን ከምድጃ ዳር እንደሚሰማ የአባት ቃል ይሰማዋል።

በሱረቱ መርየም ከአንቀጽ 42 እስከ 45 ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ጣዖት አምላኪ አባታቸውን አራት ጊዜ «ያ አበቲ» እያሉ ይጠራሉ። አባታቸው ሲመልሱ «ያ ቡነየ» አላሉም፤ በስማቸው «ያ ኢብራሂም» ብለው አስፈራሯቸው። ዘመኽሸሪ (ያረፉት በ538 ሒ./1144 እ.ኤ.አ.) በ«አል-ከሻፍ» ይህን ልዩነት አስተውለዋል፤ ለለሰለሰው ጥሪ የተመለሰው ደረቅ ስም ነበር። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነ ወላጅ አብረው በሚኖሩበት በጋሞ ምድር ይህ አንቀጽ ተግባራዊ ትምህርት ነው። እምነቱ የተለየ ልጅ ወላጁን የሚጠራበት ቃል ሊለወጥ አይገባም።

ጥሪ በምዕራብ ዓባያ

የጋሞ ሕዝብ ራሱ የጥሪን ክብደት ያውቃል። ጉዳዩን የሚመክርበት ዱቡሻ የሚባል አደባባይ አለው፤ በዚያ ሽማግሌ ሲናገር ማን እንደሚጠራ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጠራ ሥርዓት አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ከተማ ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አገር ሁሉ ያየው ይህ ድርጊት በነሕው ቋንቋ ብንገልጸው የ«ያ ረጁሉ» ጥሪ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከሩቅ አልጮኹም፤ ፊታቸውን ወደ ልጆቻቸው አዙረው፣ ለይተዋቸው ጠሩ። ስለታወቁ ሰሙ።

በዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ሌላም አጠራር አለ። የጋሞን ማኅበራዊ ሕይወት ያጠኑ ምሁራን እንደሚገልጹት ሕዝቡ ከጥንት «ማላ»፣ «ማና» እና «ደጋላ» በሚባሉ ክፍሎች ሲለይ ቆይቷል። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ከሌላው ዝቅ ተደርጎ ሲታይ፣ በጋብቻም ሲገለል ኖሯል። የሙያና የትውልድ ስም መጥሪያ ሲሆን፣ በተለይም በንቀት ድምፅ ሲነገር፣ ሱረቱል ሑጁራት የከለከለው ክፉ ቅጽል ስም ይሆናል። በሌላው የአገራችን ክፍል ባለሙያዎች የሚጠሩበትን የስድብ ስም የሚያውቅ ሁሉ ነገሩ የአንድ አካባቢ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። በሶፍ ውስጥ አብሮ የቆመን ሰው ከመስጊድ ደጅ ሲወጣ በዚያ ስም የሚጠራ ሙስሊም፣ ሶላቱ ውስጥ የሰማውን ጥሪ አልሰማም ማለት ነው። ኢማሙ በዚህ ላይ ዝም ሊል አይገባውም።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የኹጥባ ማዕዘኖች በዐረብኛ መሆናቸው እንደ ቅድመ ሁኔታ የተያዘ ነው፤ አቡ ሐኒፋ ደግሞ በሌላ ቋንቋም ይበቃል ብለዋል። ሁለቱም መዝሀቦች በአገራችን ተከታይ አላቸው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ፈትዋ አንሰጥም። ማዕዘኖቹ በዐረብኛ እንዲቀሩ ተደርጎ እንኳ ምክሩና ጥሪው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ የሚደርስበት ሰፊ ቦታ አለ። በብርብር ገበያ ቀን ከደጋ ወርዶ በመጨረሻው ሶፍ የተቀመጠ፣ ከጋሞኛ በቀር የማይሰማ አዛውንት በዐረብኛም በአማርኛም ብቻ ሲጠራ፣ ኢማሙ ዐይኑ እያየ የዐይነ ስውሩን ጥሪ ይጠራል።

ስለዚህ ለመምህራንና ለኢማሞች ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሙናዳ ባብ ሲቀራ ከአናባቢው ጋር ትርጉሙም ይቀራ፤ «ያ ረጁሉ» እና «ያ ረጁለን» በደረሳው ልብ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጠሪዎች ሆነው ይታዩ። ሁለተኛ፣ «ያ» በተገኘች ቁጥር «ሆይ» ብሎ ከማለፍ በፊት ጠሪው ማን ነው፣ ተጠሪው ማን ነው፣ በመካከላቸው ያለው ክብር ነው ወይስ ርኅራኄ ተብሎ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የጋሞኛና የወላይትኛ አጠራር ከአማርኛ አይተርጎም። ኸሊል እንዳደረጉት ከሕዝቡ አፍ ይሰማ፤ ደረሶቹ ከአያቶቻቸው ጠይቀው ያምጡ፣ መምህሩ ይመዝግብ።

በዚያ ቀን ትምህርቱ ሲያበቃ ኡስታዙ ጥያቄ የጠየቀውን ታዳጊ፣ «አያትህ አንተን ከሩቅ ሲጠሩህ ምን ይላሉ?» አሉት። ልጁ በጋሞኛ ነገራቸው፤ ሌሎቹ ልጆች ሳቁ፣ ከመካከላቸው አንዱም የእኛ ቤት እንዲህ አይደለም ብሎ ሌላ ቃል ጨመረ። ኡስታዙ ሁለቱንም ቃላት በአጁሩሚያው ጠርዝ ላይ፣ ከ«ያ ረጁሉ» አጠገብ ጻፏቸው።

ወላሁ አዕለም።